በሰው ክንድ ላይ ያሰርኩት የልቤ ሰዓት

ከእናታችን ቀጥሎ እናቴ ለሆንሽው ለእታለሜ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲሆን የሚጠዘጥዝሽ ትከሻሽ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ጥርስሽን ነክሰሽ ችለሽው ነው? ልጆቹ፣ ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ አማትሽ እማማ፣ ሁሉም እንደምን አሉልኝ? ከሁሉም በላይ የባልሽ የጋሼ ነገር እንዴት ሆነ? እንቅልፍ ይተኛል? ምግብስ ይበላል? እኔም እንደ ወጉ «ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፣ ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ እጄ አልታዘዝም አለኝ። ስለዚህ የራሴን ጤና ነገር ትንሽ ወደ ኋላ አቆይቼዋለሁ፤ ታገሺኝ።

በየእሁዱ በስልክ እየተገናኘን ወረቀት ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። የሞተ ሰው የለም፣ አትደንግጪ። ነገሩ በስልክ የማይሆንልኝ ሆኖ ነው። ያንቺን ድምፅ ስሰማ ደረቴን መንፋት ይመጣብኛል፤ ገና «ሃሎ» ስትዪ ድምፄ ይጎረንናል። ወረቀት ፊት ግን ለማን ብዬ እነፋለሁ?

ባለፈው ስትደውዪ፣ ሐኪሙ ጋሼን ልብህ የሚመታው በሥርዓቱ አይደለም እንዳለው፣ ከዚያ ቀን ወዲህም ከወንበሩ አልነሳ ብሎ ውሃ እንኳ የምታቀብዪው አንቺ እንደሆንሽ ነገርሽኝ። እናንተ ጋ ስለዚህ በሽታ ምን ይላሉ ብለሽም ጠየቅሽኝ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ይረፍ፣ ልብ ካልነካኩት አይከፋም፣ ለማንኛውም ሰው እጠይቅልሻለሁ አልኩሽ። እታለም፣ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። በሽታው እኔን ራሴን ከያዘኝ ዓመት ሊሞላው ነው። ሐኪሜ «ይረፍ» እንዳላለ፣ እንዲያውም ተነስ እንዳለኝ እያወቅኩ ነው ይረፍ ያልኩሽ። ምክንያቱም እውነቱን ብነግርሽ፣ አንተ በምን አወቅክ ብለሽ ትጠይቂኝ ነበር።

አሁን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፣ የሆቴል አንሶላ ነው የማጥበው። ትልልቆቹ ማጠቢያዎች አጥበው ሲተፉት፣ የረጠበውን አንሶላ በጥቅሉ አንስቶ ማድረቂያው ውስጥ የሚከተው እኔ ነኝ። ሌሎቹ ለሁለት የሚይዙትን ለብቻዬ ስለማነሳ እዚህ ስሜ ጠፍቶ «ክሬኑ» ነው የምባለው። አለቃችን ሳይቀር አዲስ ሰው ሲቀጠር እኔን እንደ ዕቃ ያሳየዋል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እደብቅሻለሁ።

አንድ ቀን ታዲያ ጥቅሉን እንዳቀፍኩ ልቤ ጆንያ ውስጥ እንደገባ ዶሮ ይንፈራገጥ ጀመር። አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ይቆማል፣ አንዴ ደግሞ ሁለቱን ምት ባንዴ ይመታል። ዓይኔ ጭልም አለብኝ፤ አንሶላውን እንዳቀፍኩ እርጥቡ ወለል ላይ ዘጭ አልኩ። ሰው ሲሰበሰብ፣ እግሬ አዳልጦኝ ነው አልኩ። ወለሉም እርጥብ ነበርና አመኑኝ። ያ ውሸት ስላማረልኝ ሌሎቹ ተከታትለው መጡ።

ሐኪሙ ደረቴ ላይ ሽቦውን ለጣጥፎ አየኝና የልብ ምት መዛባት ነው አለኝ። የላይኛው የልብህ ክፍል በወጉ ከመምታት ይልቅ ይንቀጠቀጣል አለኝ። ምቱን የሚያረጋጋ መድኃኒትና ደም ማቅጠኛ አዘዘልኝ። እኔ እንግዲህ ተኛ፣ ከባድ አታንሳ፣ አርፈህ ተቀመጥ የሚለኝን ስጠብቅ፣ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣህ ከሌሎች በሽተኞች ጋር ስፖርት ትሠራለህ አለኝ። የቀለደብኝ መሰለኝ። ልቡ የታመመን ሰው ስፖርት ሥራ ማለት ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው እሳት ሙቅ ማለት አይደለም? ሰውየው ግን ታግሶ አስረዳኝ። መድኃኒቱን አይተካም፣ ግን ቀስ እየተባለ በልክ ሲሠራ ጉልበት ይመልሳል፣ ትንፋሽ ያረዝማል፣ የልቡ መንቀጥቀጥም የሚቀንስላቸው ብዙ ናቸው አለኝ።

ስፖርቱን የምንሠራበት አዳራሽ አንዱ ግድግዳ ሙሉውን መስታወት ነው። እታለም፣ ያንን መስታወት የሰቀለው ሰው ምን እንዳደረግኩት አላውቅም። ቱታ ለብሼ፣ ሆዴ እኔን ቀድሞ ገብቶ፣ ራሴን ከላይ እስከ ታች ያየሁት ያን ቀን ነው። ከበሽተኞቹ መሐል ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር አለ፣ ሳቂታ ሽማግሌ ነው። ከሴቶቹ ደግሞ አንዲት ጥልፍ ሠሪ አለች፣ በዕድሜ ካንቺ ብትበልጥ ጥቂት ነው፤ ድምጿ የማይሰማ፣ ስትራመድ ወለሉን ይቅርታ የምትጠይቅ የምትመስል ሴት ናት። እሷና እኔ ከኋላ ነበር የምንቆመው፤ እሷ ፈርታ፣ እኔ አፍሬ። የመጀመሪያው ትምህርት ምን እንደነበር ታውቂያለሽ? ከወንበር መነሳትና መቀመጥ! እኔ ክሬኑ ከወንበር መነሳት ተማር ተባልኩ። ሹፌሩ ደግሞ በተነሳን ቁጥር «ወራጅ አለ» እያለ ይቀልዳል።

አሠልጣኙ ወጣት ነው፣ ቁጣ የማያውቅ። የእናንተ ልብ ቁጥሩ ስለማይታመን ሰዓት ብቻ አትዩ፣ ትንፋሻችሁን ስሙ ይለናል። እየተራመዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ ልክ ናችሁ፤ መዝፈን ከቻላችሁ ሰንፋችኋል፤ ማውራት ካቃታችሁ አብዝታችኋልና ቀስ በሉ፤ ማዞር ወይም የደረት ሕመም ከመጣ ወዲያው አቁሙ። ይህችን በየቀኑ ነው የሚደጋግማት። ከአዳራሹ ውጪ ደግሞ በየቀኑ ፈጠን ያለ እርምጃ እንድንራመድ ለእያንዳንዳችን የእጅ ሰዓት ሰጠን። ሰዓቱ እርምጃችንንና ምታችንን ይመዘግባል፤ ስንመጣ እሱ በኮምፒውተሩ ያየዋል።

መጀመሪያ ሰሞን ሞክሬ ነበር። ከሥራ ስወጣ በሆቴሉ ጀርባ ባለው መንገድ ወጣሁ። ገና መንገዱ ሳያልቅ ልቤ ድንገት ፍርፍር ሲልብኝ ፍርሃት ያዘኝና አጥር ተደግፌ ቆምኩ። በዚያው ቅጽበት አንሶላ የሚተኩሱት ሴቶች ከሥራ ወጥተው በአጠገቤ አለፉ። ክሬኑ ማንን ነው የምትጠብቀው አሉኝ። እኔም ሰው ቀጥሬ ነው አልኩ። ሳቁና ሄዱ። ከዚያን ቀን ወዲያ ሞት ከሚያስፈራኝ ይልቅ እነዚያ ሴቶች እንደገና አጥር ተደግፌ እንዳያዩኝ የፈራሁት ይበልጣል።

እና ምን ባደርግ ጥሩ ነው? እኛ ጋ ጋሪ የሚገፋ ልጅ እግር ሰው አለ፣ ከቁመቱ የተነሳ «ቀጭኔ» ነው የምንለው። ቆሻሻ አንሶላ ከየፎቁ ሰብስቦ ወደ እኛ፣ ንጹሑን ደግሞ ወደ ላይ ሲያመላልስ ነው የሚውለው። ሰዓቱን ፈትቼ፣ አዲስ ሰዓት ነው፣ ባትሪውን እየሞከርኩት ነውና አድርግልኝ አልኩት። እሱ ደስ ብሎት ክንዱ ላይ አሰረው፤ እኔ ቁጭ ብዬ ሻይ እጠጣለሁ፣ የእኔ ልብ ኮሪደር ለኮሪደር ይሮጣል። በሥልጠናው ዋዜማ እቀበለውና በሥልጠናው ማግስት እንደገና አስርለታለሁ።

አሠልጣኙ ቁጥሩን ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ። ቀኑን ሙሉ ትራመዳለህ እንዴ አለኝ፤ ሥራዬ ነው አልኩት። አንድ ጊዜማ ቀጭኔ ሰዓቱን እንዳሰረ ኳስ ሊጫወት ሄዶልኝ፣ አሠልጣኙ እሁድ ምን ሆነህ ነው ብሎ ተጨነቀ። ደረጃ ስወጣና ስወርድ ነበር አልኩት። አታብዛ ብሎ መከረኝ፤ ምቱ እየሰከነ መምጣቱን ግን ሳያደንቅ አላለፈም። እንዴት አይሰክን? ጤነኛ ልብ ነዋ። ከዚያም በሁሉም ፊት አቁሞኝ፣ ልምምድ ምን እንደሚሠራ እዩ ብሎ አስጨበጨበልኝ። ሹፌሩ እያፏጨ አጨበጨበ። ጥልፍ ሠሪዋም አጨበጨበች። እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ እጅ ነሳሁ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ሞኝነት ነው ብለሽ ልትስቂበት ትችያለሽ። የሚከተለው ግን አያስቅም።

በዚያው ቀን ስንወጣ ጥልፍ ሠሪዋ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ከኋላ አብረን ነበርን፣ አንተ እንዴት ቀደምከኝ፣ እኔ ልቤ መዝለል ሲጀምር እፈራለሁ፣ አንተ ምን ታደርጋለህ አለችኝ። ያኔ አንዲት እውነት ብናገር ኖሮ! ልቤ ሲዘል አጥር ተደግፌ እቆማለሁ ብላት ምን ነበረበት? እኔ ግን እንደ አዋቂ ራሴን ነቅነቅ አድርጌ፣ ዋናው ድፍረት ነው፣ ልብ ሲሸበር አለመስማት ነው፣ ከሰማሽው ይለምድብሻል አልኳት። አመሰገነችኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለውን ስንቴ ሰምቼዋለሁ፤ ለራሴ ግን አልደረሰኝም።

እሷም ምክሬን ሰማች። የምትኖርበት ፎቅ ደረጃ ላይ በፍጥነት ስትወጣ ልቧ ዘለለ፣ ራሷን አዞራት፣ አልሰማሁም ብላ ቀጠለች፣ ወደቀችም። ቀኝ እጇ ተሰበረ። መርፌ የምትይዝበት እጅ፣ እታለም። ደም ማቅጠኛ ስለምትወስድ ፊቷ ግማሹ ጠቆረ። ይህን ሁሉ የሰማነው ከአሠልጣኙ ነው። ሲደውልላት፣ የሌላው ልብ ይሰለጥናል፣ የኔ ግን ሰነፍ ነው፣ ከእንግዲህ አልመጣም፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ የመጣውን እቀበላለሁ ብላዋለች። አሠልጣኙ ይህን ሲነግረን እንባ ሊቀድመው ምንም አልቀረው። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንዲሉ፣ ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረና፣ አርአያዋ አንተ ነህ፣ ሄደህ አበረታታት አለኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሁሉም እያዩኝ እሺ አልኩ።

ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። የምትኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ክሮች በየቀለማቸው በብርጭቆ ተደርድረዋል። ጨርቁ መወጠሪያው ላይ እንደተወጠረ ነው፤ አንድ የወይን ዘለላ ግማሹ ተጠልፎ ግማሹ በእርሳስ ብቻ ቀርቷል። እጇ በጀሶ ታስሯል፣ ፊቷ ከጥቁርነት ወደ ቢጫነት እየተለወጠ ነው። በግራ እጇ ውሃ ቀዳችልኝ፤ እየፈሰሰባት እያየሁ ተቀመጥኩ። የምናገረውን በመንገድ ሁሉ ሳጠናው ነው የሄድኩት፤ አይዞሽ፣ ተነሺ፣ ትችያለሽ የሚል ነው። አፌን ሳልከፍት እሷ ቀደመችኝ። አንተ የታደልክ ነህ፣ ልብህ ይሰማሃል፣ የኔን ግን ገና ከእናቴ ሆድ ጀምሮ ፈሪ አድርጎ ነው የፈጠረው አለችኝ። ደግሞ ሳቅ ለማለት ሞከረች።

እታለም፣ እዚያ ላይ አለቀስኩ። ክሬኑ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ከዚያም ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰዓቱን፣ ቀጭኔን፣ ኳሱን፣ አጥሩን። ልብሽን አትስሚ ያልኩሽም የራሴን ልብ ሰምቼው ስለማላውቅ ነው አልኳት። ስጨርስ የጋሪ ገፊው ልብ ጤነኛ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ጤነኛ ነው አልኳት። እንግዲያው እኔ ስወዳደር የከረምኩት ከጤነኛ ወጣት ጋር ነዋ አለች፤ ለራሷ ነው ያለችው። ከዚያ በተሰበረው እጇ በኩል ዞራ ወደ ክሮቿ አየችና ውሃህን ጨርሰህ ሂድ አለችኝ። ብርቱካኑንም ይዘህ ሂድ አለችኝ። ይዤው ሄድኩ። ቤቴ ደርሶ እስኪበሰብስ አንዱንም አልላጥኩትም።

በማግስቱ ለአሠልጣኙ፣ ከዚያም ለሁሉም ነገርኳቸው። የፈራሁት ቁጣውን ነበር፤ እሱ ግን አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር። ሰዓቱን ተቀብሎ የተመዘገበውን ሁሉ አጠፋውና እንደገና እንጀምራለን ብሎ ወንበር አመጣልኝ። ሌሎቹ የአዳራሹን የስፖርት ብስክሌት እየነዱ እኔ መነሳትና መቀመጥ ጀመርኩ። ሹፌሩ ያን ቀን አልቀለደም። ለቀጭኔም ነገርኩት፤ አንተ ሰውዬ፣ በእኔ ልብ ልትሞት ነበር እኮ አለኝና የጥቅሉን አንድ ጫፍ ያዘልኝ። ከዚያ ወዲህ ለሁለት ነው የምናነሳው። አሁን ክሬኑ የሚለኝ የለም፤ መጀመሪያ ሲቀርብኝ ሆድ ብሶኝ ነበር።

ጥልፍ ሠሪዋ ሳምንታት ጠፍታ ባለፈው ሰኞ ብቅ አለች። እጇ በጀሶ እንደታሰረ፣ ቱታዋን ለብሳ። ለሁሉም ሰላምታ ሰጥታ እኔን አለፈችኝ። የሚገባኝ ነውና አንገቴን ደፍቼ ወንበሬ ላይ ቀጠልኩ። ለእርምጃው ሁለት ሁለት ሆነን እንድንቆም ስንባል ግን መጥታ አጠገቤ ቆመች። ለምን እንደመጣች ሳይገባኝ መራመድ ጀመርን። አንድ ዙር በዝምታ ሄድን። ያኔ ወደ ፊቷ እያየች፣ አውራ አለችኝ። ዝም ካልክ ትንፋሽህን አላውቀውም፣ ካንተ ደግሞ ከእንግዲህ የማምነው ትንፋሽህን ብቻ ነው አለችኝ።

ምን ላውራ? ከሀፍረት በቀር በልቤ ምንም አልነበረም። ጨንቆኝ ስላንቺ ጀመርኩ። እንዴት እንዳሳደግሽኝ፣ እኔን ልታስተምሪ ትምህርትሽን እንደተውሽ፣ ጋሼ ሲያገባሽ እኔን እንደ ጓዝሽ ተቀብሎ እንደወሰደኝ ነገርኳት። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ትቆማለች፣ ሲመለስ ትራመዳለች። ስለ ጋሼ ልብና ከወንበር አልነሳ ስለማለቱም አወራሁላት። ታዲያ ምን መከርካት አለችኝ። ዝም አልኩ። አውራ እንጂ አለችኝ። ይረፍ አልኳት፣ የራሴን በሽታም አልነገርኳትም አልኩ። ጥልፍ ሠሪዋ ቆመች። እኔን ልብሽን አትስሚ ብለህ ጣልከኝ፣ እህትህን ደግሞ ባልሽን አስቀምጪው ብለህ ልትጥላት ነው፣ ለሷ ሳትጽፍ እንዳትመጣ፣ ካንተ ጋር አልራመድም አለችኝ። ነገ ሐሙስ፣ ሥልጠና ነው። የጻፍኩልሽ ለዚህ ነው፤ በራሴ ጨዋነት የጻፍኩት እንዳይመስልሽ።

ስለዚህ ስሚኝ እታለም። ጋሼ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ሐኪሙ ዘንድ ተመልሶ፣ ምን ያህል ልንቀሳቀስ፣ ከምን ልጀምር ብሎ ይጠይቅ። ከተፈቀደለት አንቺ አብረሽው ውጪ። ጎረቤት ካየው ይየው። ስትሄዱ አስወሪው፤ ወሬው ከተቆራረጠ ቀስ በሉ፣ ካዞረው ቁሙ፣ ቀጥል እንዳትዪው። እኔ ይረፍ ያልኩሽን እርሺው፤ ሀፍረት ነው ያናገረኝ።

ለእማማ ጉልበታቸውን እንደሳምኩ ንገሪልኝ። ለትልቋ ልጅሽ፣ ለፈተናዋ አጎትሽ ይጸልይልሻል በያት፤ ግን አጎትሽ ጠንካራ ነው ብለሽ አታስፈራሪያት። መንታዎቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፣ እኩል እኩል፣ አለዚያ ይጣላሉ። ለጎረቤትሽ ለባለሱቁ፣ ስለ እኔ ጉልበት ያወራሁለትን ግማሹን ይቀንስ በይው። ለጋሼ፣ አባት ሆኖ ላሳደገኝ፣ ይህን ሁሉ ጮክ ብለሽ አንብቢለት፤ የሚያፍርብኝ ከሆነ ይፈር፣ እኔ ግን እንደ እሱ የታመምኩ መሆኔ በመጠኑም ቢሆን አጽናንቶኛል።

ላንቺ ለራስሽ ደግሞ፣ የፊታችን እሁድ ስትደውዪ እንደ ወትሮው ደህና ነህ ወይ ትዪኛለሽ። መልሱ ከአፌ ቶሎ ካልወጣ ስልኩ የተቋረጠ መስሎሽ እንዳትዘጊው። እውነቱን እየፈለግኩ ነውና ጠብቂኝ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከልብስ ማጠቢያው በላይ ካለችው ክፍሌ፣
ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን